የድንኳኑ ወንበርና ግማሹ መንገድ

እንግዳ ልትሸኙ ወጥታችሁ፣ እንግዳው «በቃ ተመለሱ» ሳይላችሁ ቀርቶ፣ የት ላይ እንደምትመለሱ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ያጋጠመኝም በአገሬ ሳይሆን በአንድ የምዕራብ አፍሪካ ወደብ ነው፤ ያውም በሥራ ሰዓት። ስለዚያ ሽኝት ከመጻፌ በፊት ግን እዚያ ምን እሠራ እንደነበር ላስረዳ።

አሁን አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ዓመት ከሰባት ወር በአንዲት የክርስቲያን በጎ አድራጎት የሕክምና መርከብ ላይ በፈቃደኝነት አገልግያለሁ። ትቼው ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ባሕሩ ነው። «ሞገዱ አያስፈራም?» «ዓሣ ነባሪ አየህ?» ይሉኛል። መርከቧ አብዛኛውን ጊዜ አትንቀሳቀስም ስላቸው ቅር ይላቸዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ ነው። አንድ ወደብ ላይ በወፋፍራም ገመድ ታስራ ዐሥር ወር ትቆማለች። ሆዷ ውስጥ ሆስፒታል አለ፤ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ የታካሚ አልጋዎች፣ ላቦራቶሪ። ሐኪም የማያገኘው የአገሩ ሰው በነፃ ይታከምባታል። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ወለል ጠራጊውም በጎ ፈቃደኛ ነው። ደመወዝ የለም፤ እንዲያውም ለምግብና ለመኝታ የምንከፍለው እኛው ነን። እኔ በእነዋሪ ሁለት ዓመት አስተምሬ ያጠራቀምኳትን ይዤ ሄድኩ፤ የጎደለውን ደብረ ብርሃን ያስተማሩኝ አንድ መምህር ሞሉልኝ።

አባቴ ቄስ ናቸው። አንኮበር አካባቢ ባለች አንዲት ደብር ያገለግላሉ። ልሄድ መሆኑን ስነግራቸው መጽሐፋቸውን ሳይዘጉ ነበር የጠየቁኝ።

«መርከቡ ላይ ታቦት አለ?»

«የለም አባባ። ፕሮቴስታንቶች ናቸው የሚበዙት። ጠዋት ጠዋት ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ።»

«በሽተኛስ አለ?»

«ሞልቷል።»

«እንግዲያው ሂድ። ረቡዕና ዓርብን ግን እንዳትረሳ።»

አልረሳሁም። መጀመሪያ የተመደብኩት ወጥ ቤት፣ ድስትና ትሪ ማጠቢያው ክፍል ነበር። እንፋሎቱ መነጽሬን ስለሚሸፍነው በዳሰሳ ነበር የማጥበው። አለቃዬ ዝምተኛ የማዳጋስካር ሰው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓርብ ምሳዬን ሳልነካ ሲያየኝ ጠጋ አለ።

«ሥጋ አትበላም?»

«ዛሬ አልበላም።»

«ወተትስ?»

«ወተትም፣ እንቁላልም።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«ምስር፣ ጎመን።»

ትንሽ አሰበና «ይሄ ጾም አይደለም፣ ቅጣት ነው» ብሎ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ረቡዕና ዓርብ «ቲቸር» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የምስር ሳህን መደርደሪያው ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

የመርከብ ኑሮ ጠባብ ነው። አራት ሆነን የምንተኛበት ክፍል መስኮት ስላልነበረው መንጋቱን የምናውቀው በደወል ነው። ገላ ለመታጠብ የተፈቀደልን ሁለት ደቂቃ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የአደጋ ልምምድ አለ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰን ሰገነት ላይ እንሰለፋለን፣ ስም ይጠራል፣ አንድ ሰው «አለሁ» ሳይል ከቀረ እስኪገኝ ድረስ ሁላችንም ፀሐይ ላይ እንቆማለን። ቅዳሜ ዕረፍት ነው። ብዙዎቹ ወደ ባሕር ዳርቻው ሄደው ይዋኛሉ፤ እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ አሸዋው ላይ እቀመጣለሁ። ልጅ ሆኜ ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ቆላው በጭጋግ ሲሸፈን ሳይ ባሕር ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። እውነተኛውን ባሕር ሳየው ደግሞ ያንኑ ቆላ መሰለኝ፤ ከላይ ሆነው የሚያዩት እንጂ የማይገቡበት።

«ፕሮፍ፣ አገርህ ውሃ የለም እንዴ?» ይለኝ ነበር ላሲና። ላሲና የአገሩ ልጅ፣ አስተርጓሚያችን ነው። መምህር መሆኔን ከሰማ ጀምሮ ፕሮፍ ይለኛል።

«አለ። የእኛ ውሃ ግን ከሄደ ሄደ ነው። እንደዚህ ተመልሶ አይመጣብህም።»

ይህን ለሰው ሁሉ ሲያወራው ከረመ።

ከወጥ ቤት ወደ ጽዳት፣ ከጽዳት ወደ ድንኳኑ ተዛወርኩ። ሥራዬ ብዬ የማስበው የድንኳኑን ነው። መርከቧ የቆመችበት የወደብ ሜዳ ላይ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተክሏል፤ ታካሚ ወደ መርከቧ ከመውጣቱ በፊት እዚያ ይመዘገባል፣ ካርዱ ይታያል፣ ይጠየቃል። የድንኳኑ ኃላፊ ኤስተር የሚባሉ የጋና ሴት ነበሩ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱታ የለውም። ስለዚህ በአፌ እንደ እኩያዬ እያዋራኋቸው በሆዴ አንቱ እያልኩ ሠራሁ።

ኤስተር የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነበር። የወደቡ አየር ወበቅ ነው፤ ላብ የነካው የእስክሪብቶ ቀለም ይፈስና የሰው ስም ይጠፋል፣ እርሳስ ግን አይጠፋም። ታካሚውን ወንበር ላይ አስቀምጠው እሳቸው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕመምተኛ ቁልቁል እያየ ሲያወራ አይፈራም ይላሉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሰውየውን የሚያስታውሳቸውን ነገር ይጽፋሉ፦ «ቢጫ ሻሽ»፣ «ሳቂታ»፣ «የአባቱን ኮት የለበሰ»። አንድ ቀን እኔ «ከንፈሩ የተሰነጠቀ» ብዬ ጻፍኩ። በላጲስ አጠፉት።

«በሽታውን ሐኪሙ ጽፎታል። አንተ ሰውየውን ጻፍ።»

መጠየቅም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። እኔ «በልተሻል?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «አልበላሁም» ይሉኛል። ኤስተር «ዛሬ ጠዋት ምን በላሽ?» ብለው ነው የሚጠይቁት።

«በልተሻል ካልካት እኛ የምንወደውን መልስ ትሰጥሃለች» አሉኝ። «ምን በላሽ ካልካት ሾርባውን ትነግርሃለች።»

ይህን ዘዴ ዛሬም ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ። «ገብቷችኋል?» ብዬ አልጠይቅም።

ከልማዶቻቸው ሁሉ የበለጠው ግን የወንበሩ ነው። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ የዕለቱ የስም ዝርዝርና ስልክ ያሉት እዚያ ላይ ነው፤ ከኋላው አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ኤስተር ከዚያ ወንበር ሲነሱ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ሰው ሳያስቀምጡበት አይሄዱም። እኔ ወይም ላሲና ከሌለን በአጠገቡ ያለፈውን ይጠሩታል። አንድ ጊዜ የውሃ ሻጯን አስቀምጠዋት ሄዱ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ለመጣው ሁሉ «ተቀመጡ፣ ትመጣለች» እያለች እንደ ሹም አስተናገደች።

«ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እዚህ የሚመጣ ሰው ብዙ ቦታ ተባርሮ ነው የሚመጣው። ባዶ ወንበር ካየ ያለቀ ይመስለዋል። አይጠይቅም፤ ዞሮ ይሄዳል።»

ሰምቻለሁ። በደንብ አድርጌ ሰምቻለሁ። ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ። መርከቧ ያን ወደብ ለመልቀቅ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቷት ነበር። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ሐኪም የመጨረሻ ዙራቸውን ጀምረዋል፤ አልጋውም ዝርዝሩም ሞልቷል። ደንቡ ቀላል ነው። በዕለቱ የሚገባ ታካሚ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ተገኝቶ መመዝገብ አለበት። ካልተገኘ ከላይ፣ ከሕሙማን ክፍሉ፣ በስልክ ይጠየቃል፤ አልመጣም ከተባለ ወይም መልስ ከጠፋ አልጋው ከተማው ውስጥ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ለሚጠባበቅ ተጠባባቂ ይሰጣል። አንድ አልጋ ባዶ ቢያድር አንድ ሰው ሳይታከም ቀረ ማለት ነውና ደንቡ ትክክል ነው።

የዚያን ዓርብ ከዝርዝሩ አንዲት ሴት ብቻ ቀርታ ነበር፤ አዋ ትባላለች። ጨርቅ ቀለም ውስጥ ነክራ የምትሸጥ ባለሙያ ናት። እንቅርቷ አድጎ መተንፈሻዋን ስለተጫናት በጀርባዋ መተኛት አትችልም። በምርመራው ቀን ያየኋት ጊዜ በሻሿ አንገቷን ዙሪያውን ጠቅልላው ነበር፤ አንኮበር ያሉት አክስቴም ነጠላቸውን ልክ እንደዚያ ነው የሚጠመጥሙት። ኤስተር ከስሟ ጎን «እጇ ሰማያዊ» ብለው ጽፈዋል። ቀለሙ ከጥፍሯ ሥር አይለቅም።

ኤስተር አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለስብሰባ ወደ መርከቧ ወጡ። ላሲና ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ጁምዓ ሄደ። ወንበሩ ላይ እኔ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ፓፓ ብራማ መጡ።

ፓፓ ብራማ ሁለት ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ለስድስት ዓመት ያላዩ ሽማግሌ ናቸው። ታክመው ዓይናቸው በርቶ ነበር፤ ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ታይተው መሰናበታቸው ነው። ልጃቸው መናኸሪያ ትጠብቃቸዋለች። ፊቴ ቆመው ጨበጡኝ፤ እጄን አልለቀቁም። በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩና ጠበቁኝ። እኔ አልገባኝም። አባቴ የሚያህሉ ሰው ተሰናብተውኝ ተቀምጬ ልቀር ነው? ተነሳሁ።

እስከ ወደቡ በር ደርሼ ልመለስ አሰብኩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወንበሩ ትዝ ብሎኛል። የድንኳኑ በረኛ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ «ና ተቀመጥልኝ» ብሎ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ማዘዝ ከበደኝ። ደግሞም አሁን እመለሳለሁ አልኩ።

እኛ ዘንድ ሽኝት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሸኚው መመለስን አያነሳም፤ ነውር ነው። «ተመለስ» የሚለው እንግዳው ነው። «በሞቴ ተመለስ» ይላል፤ «ትንሽ ልሂድ» ትላለህ፤ እንደገና ይለምንሃል፤ በሦስተኛው ትመለሳለህ። ስለዚህ የወደቡ በር ስንደርስ ፓፓ ብራማ «ተመለስ» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አላሉም። ፈገግ ብለው አዩኝና ቀጠሉ። ቀጠልኩ።

የባቡር ሐዲዱን ተሻገርን። ገበያው ውስጥ ገባን። እሳቸው ያዩትን ሁሉ እየጠቆሙ ስሙን ይነግሩኛል፦ ፍየል፣ የተቀባ በር፣ የሰው ቆብ። አንዲት የቲማቲም ሻጭ ፊት ቆመው ቲማቲሙን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ሴትዮዋ ሊገዟት መስሏት መመዘን ጀመረች። ስድስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ከርሞ ቲማቲም የሚያይን ሰው በምን አፌ ልለየው? በሰባራ ፈረንሳይኛዬ ሥራ እንዳለኝ ተናገርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉ። የደከሙ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። በኋላ እንደተረዳሁት የዘገዩት ጊዜ ሊሰጡኝ ነበር።

መናኸሪያ ስንደርስ ልጃቸውን አገኘናት፤ ፈረንሳይኛ ትችላለች። ከአባቷ ጋር ተነጋግራ ሳቀች።

«ይህን ሁሉ መንገድ ለምን አደከምካቸው?» አለችኝ።

«እኔ? ተመለስ እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነው እንጂ።»

«እንዴት ተመለስ ይሉሃል? እንግዳ ባለቤቱን ተመለስ አይለውም። እሳቸው ገና ድንኳኑ ላይ መንገድ ስጠኝ ብለውሃል። ግማሹን መንገድ ሰጥቼዎታለሁ ትላቸዋለህ፣ ግማሹን ታስቀራለህ፣ ተመልሰው እንዲመጡ። ከዚያ ይሄዳሉ። እስካሁን እየጠበቁህ ነው።»

እዚያው አውቶቡሱ ሥር ግማሹን መንገድ ሰጠኋቸው። ግንባሬን ነክተው መረቁኝ። ሞተር ሳይክል ተከራይቼ ስመለስ ሰባት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

ወንበሩ ላይ ኤስተር ተቀምጠዋል። በረኛው ራቅ ብሎ ቆሟል።

«አንዲት ሴት መጥታ ነበር» አለኝ በረኛው፣ ሳልጠይቀው። «አንተ እንደሄድክ ነው የመጣችው። ጠብቂ አልኳት። ቆመች፣ ቆመች። ስልኩ ሲጮህ እኔ እሱን አልነካም። ከዚያ ሄደች።»

ኤስተር የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ማንን አስቀመጥክ?»

«ማንንም።»

ዝርዝሩን ወደ እኔ አዞሩት። የአዋ ስም ላይ ስስ የእርሳስ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከሥሩ የተጠባባቂዋ ስም ገብቷል። ያቺ ሴት ያን ሰዓት መርከቧ ላይ አልጋዋን ይዛለች።

«ማስወጣት አይቻልም?» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ነው ያፈርኩት።

«እሷም አንገት አላት» አሉኝ። «ነገ አዋ ዘንድ ሄደን የሆነውን ትነግራታለህ። አንተ ራስህ።»

ቅዳሜ ሌሎቹ ወደ ባሕር ዳርቻው ሲሄዱ እኔ፣ ኤስተርና ላሲና በተጨናነቀ ታክሲ ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ገጠር ተጓዝን። በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ውስጥ ከወጣኋቸው ሽርሽሮች ሁሉ የማስታውሰው ያንን ነው፤ ሽርሽር ከተባለ። መንገዱ ቀይ አቧራ ነበር። ላሲና እንደ ወትሮው አልቀለደብኝም።

አዋ ግቢዋ ውስጥ ባለ ትልቅ ጋን ጨርቅ እየነከረች አገኘናት። እጇ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው። ዱካ አቀረበችልንና ሥራዋን ቀጠለች። ቀለሙ ከተተወ ይበላሻል። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ትወስዳለች። የተናገርኩትን ላሲና ተረጎመላት። ሽማግሌ ልሸኝ ሄጄ ወንበሩን ባዶ ትቼው እንደነበር፣ ስልክ የሚያነሳ እንዳልነበረ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት።

«ስሜን የሰረዙት ነበር የመሰለኝ» አለች። «ሰውየውን የት ድረስ ሸኘኸው?»

«መናኸሪያ ድረስ።»

ላሲና ሲተረጉመው ከኋላዋ ቆማ የነበረች እህቷ ሳቀች። አዋ አልሳቀችም።

«መንገድ አልሰጠኸውም?»

«አላወቅሁም ነበር።»

ጨርቁን ከጋኑ አወጣችና ጨመቀችው። «ያያል አሁን?»

«ያያል። ያየውን ሁሉ እየቆመ ያያል።»

«ጥሩ ነው።» ጨርቁን ገመዱ ላይ ሰቀለች፣ ዳርና ዳሩን አስተካከለች። ከዚያ ዞራ አየችኝ። «የእኔንም ግማሽ ለእሱ ሰጥተኸዋል።»

ቋንቋውን በመጠኑ የለመዱት ኤስተር ላሲናን ይህን እንዳይተረጉም በዓይናቸው ሊይዙት ሞክረው ነበር፤ እሱ ግን ተርጉሞ ጨርሷል።

ኤስተር ሐኪሙን ለመኗቸው። ሐኪሙ የቀሯቸው የሥራ ቀናት ሙሉ ናቸው፤ አዋን በተጠባባቂነት ሊይዟት ብቻ ቻሉ። አዋ መጥታ የእንግዳ ማረፊያው ውስጥ አምስት ቀን ጠበቀች። እኔ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰው እንዲቀር እመኝ ነበር። አንድ ሕመምተኛ እንዲቀር መመኘት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሁሉም መጡ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ የመጨረሻውን አንገት ሰፍተው ጨረሱ፤ በማግስቱ ወደ አገራቸው በረሩ።

አዋን እስከ በሩ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ኤስተር አንድ ደብዳቤ ጽፈውላታል፤ መርከቧ ከዓመት በኋላ የምትሄድበት የጎረቤት አገር ወደብ ላይ እንድትታይ። በሩ ላይ ቆመች። ይህን ጊዜ የሚባለውን አውቄዋለሁ፤ ቢሆንም አፌ አልታዘዘኝም።

«ስጠኝ እንጂ» አለች በራሷ ሰባራ ፈረንሳይኛ።

«ግማሹን ሰጥቼሻለሁ።»

«ግማሹን በደንብ ያዝልኝ» ብላ ሄደች።

መርከቧ ገመዷን ፈትታ ስትወጣ ሁሉም ሰገነት ላይ ወጥቶ ይዘምር ነበር። እኔ ታች ክፍሌ ውስጥ ተኛሁ። ሕመም አልነበረም፤ ደክሞኝ ነው። ያ ድካም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ በሌላ አገር ወደብ ስድስት ወር ሠራሁ፣ ወንበሩንም አንድም ጊዜ ባዶ አልተውኩትም፤ ነገር ግን ስም ስጠራ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ጀመር። ኤስተር ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እኔም ውሌን ሳላድስ ቀረሁ። እርሳሳቸውን ሰጥተውኛል። አጭር ናት፤ አልቀረጽኳትም።

አሁን የሥራ ቦታዬ ብርድና ጉም ነው። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ተማሪዬ አባት፣ ጋሽ ደምሴ፣ ስለ ልጃቸው ሊያነጋግሩኝ መጡ። ስንጨርስ ተነሱ፤ እኔም ተነሳሁ፤ ግን መጀመሪያ የታሪክ መምህሩን ጠርቼ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት።

«እስከ ግቢው በር ነው የምሸኝዎ» አልኳቸው።

ቆም ብለው አዩኝ። «ምነው መምህር፣ እስከ ግቢ በርማ ውሻም ይሸኛል።»

«ሰው ሊመጣብኝ ይችላል፣ ጋሼ።»

«ማን ይመጣል በዚህ ጉም?»

«አላውቅም። እሱ ነው ችግሩ።»

እየሳቁ ሄዱ። ለጎረቤት ሁሉ እንደሚያወሩት አውቃለሁ፤ መርከብ ላይ ሄዶ ሽኝት ረስቶ መጣ ይሉኛል። ይበሉ።

ስመለስ ስልኬ ላይ የላሲና የድምፅ መልእክት ነበር። መርከቧ የጎረቤት አገሩ ወደብ ገብታለች። የአዋ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ለመሄድ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ መጓዝ፣ ድንበርም መሻገር አለባት፤ ትንፋሿ ደግሞ ከያኔው ብሷል። መሄዱን እምቢ አላለችም። ነገር ግን ከመነሳቷ በፊት አንድ ነገር አስጠይቃኛለች።

«ፕሮፍ» ይላል ላሲና፣ «አዋ እንዲህ ትላለች፦ አሁን ወንበሩ ላይ ማነው የተቀመጠው?»

አላውቅም። ኤስተርን ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም አያውቁም። በፊት የምንጽፍበት አድራሻ ላይ፣ ለማላውቀው የድንኳኑ ሰው፣ ረጅም ደብዳቤ ላክሁ። ስለ አዋ እጅ ነገርኩት፣ ስለ ወንበሩ ነገርኩት፣ መልስ ሲሰጠኝ ስሙን እንዲጽፍልኝ ለመንኩት፤ ስሙን ለአዋ እንድልክላት። እስከ ዛሬ ጠዋት መልስ አልመጣም።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤት ቢሮ፣ የትም ይሁን፣ ሰው የሚመጣበት ወንበር ላይ የምትቀመጡ ከሆነ፣ ነገ አንድ ቀን ብቻ ሞክሩት። ለመሸኘትም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ስትነሱ፣ በዕድሜ የሚበልጣችሁም ቢሆን፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ና ተቀመጥልኝ» በሉት። የምትሸኙትንም ሰው እስከ የት እንደምትሄዱ ደጃፉ ላይ ንገሩት። ስትመለሱ ወንበሩ ላይ የተዋችሁት ሰው «አንዲት ሴት መጥታ ነበር» ሊላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ «የት ሄደች?» ብላችሁ ጠይቁት። «ይኸው፣ እዚህ ተቀምጣ እየጠበቀችህ ነው» ይላችኋል።